ገራምነትን መምረጥና ኮርቲሶልን መምረጥ አንድ ናቸውን?

ጥያቄው፦ «የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ገራም የሆኑትን እንስሳት ብቻ እየመረጥን ብናራባ፣ በውጥረት ጊዜ አካላቸው የሚሰጠው ምላሽ በእርግጥ ይቀንሳል ወይስ የሚለወጠው ውጫዊ ጠባያቸው ብቻ ነው? ይቀንሳል ከተባለስ፣ ነገሩን አሳጥረን ኮርቲሶላቸው ዝቅተኛ የሆነውን ብቻ ለምን አንመርጥም?»

ምላሽ፦

የጥያቄዎ የመጀመሪያ ክፍል አጭር መልስ አለው፤ አዎን፣ የአካል ምላሹም ይለወጣል፤ ለውጡም ከጠባይ አልፎ እስከ ደም፣ እስከ ዕጢና እስከ አንጎል ይዘልቃል። ሁለተኛው ክፍል ግን ቀላል ቢመስልም ብዙ አርቢዎችን ያሳሳተ ግምት በውስጡ ይዟል። ግምቱ ውጥረትን እንደ ሬዲዮ ድምፅ በአንድ ማዞሪያ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ነገር አድርጎ ማሰብ ነው። የውጥረት ምላሽ ብዙ ቀለበቶች ያሉት ሰንሰለት ነው፤ አርቢው የሚመርጠው ደግሞ ሰንሰለቱን በሙሉ ሳይሆን በዓይኑ ያየውን ወይም በመሣሪያ የለካውን አንድ ቀለበት ነው። ስለዚህ ከብዙ ትውልድ በኋላ የሚያገኘው እንስሳ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነው የትኛውን ቀለበት እንደያዘ ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ማስረጃዎች ሁሉ ወደዚህ ነጥብ ያመራሉ።

አስቀድመን ሰንሰለቱን እንይ። እንስሳ ሲያዝ፣ ሲጓጓዝ፣ ከመንጋው ሲነጠል ወይም እንግዳ ነገር ሲያስደነግጠው ሁለት የአካል ሥርዓቶች ይነሣሉ። የመጀመሪያው በሰከንዶች ውስጥ የሚሠራው ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓት ነው፤ እርሱም ኖርአድሬናሊንና፣ ከኩላሊት በላይ ባለው በአድሬናል ዕጢ ውስጠኛ ክፍል በኩል፣ አድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ስኳር ወደ ደም ይፈስሳል፣ ደምም ወደ ጡንቻ ያደላል። ሁለተኛው ዘገም ይላል። በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ሲአርኤች የተባለ መልእክተኛ ወደ ፒቱታሪ ዕጢ ይልካል፤ ፒቱታሪም ኤሲቲኤች የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ይህ ሆርሞን ሲደርሰው የአድሬናል ዕጢ ውጫዊ ክፍል ኮርቲሶል የተባለውን የውጥረት ሆርሞን ያመርታል። በአእዋፍና በአይጦች የዚህ ሥራ ዋና ሆርሞን ኮርቲኮስቴሮን ሲሆን፣ በአሳማ፣ በከብት፣ በበግ፣ በቀበሮና በዓሣ ኮርቲሶል ነው። መጠኑ በደቂቃዎች ውስጥ መውጣት ይጀምራል፤ በብዙ እንስሳት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ሆርሞኑ ራሱ ወደ አንጎልና ወደ ፒቱታሪ ተመልሶ ምርቱን ያስቆማል።

ከዚህ የምንረዳው «የኮርቲሶል መጠን» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ነው። እንስሳው በዕረፍት ላይ ሳለ ያለው መጠን አንድ ነገር ነው፤ ሲደነግጥ የሚደርስበት ጫፍ ሌላ ነው፤ ከድንጋጤው በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜም ሌላ ነው። በደም ውስጥ ያለው አብዛኛው ኮርቲሶል ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር የተጣበቀ በመሆኑ፣ ወደ ሴል ገብቶ ሥራ የሚሠራው ነፃ የሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው። ወደ ሴል የገባውም ቢሆን ሥራውን የሚጀምረው ተቀባዩን፣ ማለትም መልእክቱን የሚቀበለውን ፕሮቲን፣ ካገኘ በኋላ ነው። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱን መምረጥም ሌላውን የግድ አያስከትልም።

አሁን ወደ ማስረጃው እንግባ። ሆርሞኑን ራሱን በመምረጥ ከተሠሩት ሙከራዎች ይበልጥ የሚያስተምረው፣ በእኔ ግምት፣ በእንግሊዝ አገር በዊንደርሚር በሬይንቦ ትራውት ዓሣ ላይ የተካሄደው ነው። ፖቲንጀርና ካሪክ የተባሉት ተመራማሪዎች ዓሦቹን ለ3 ሰዓት ያህል በጠባብ ቦታ እያቆዩ ኮርቲሶላቸውን ለኩ፤ ይህንንም ደጋግመው ካደረጉ በኋላ ዘወትር ከፍ ያለ ምላሽ የሚሰጡትን ከመሰሎቻቸው፣ ዘወትር ዝቅ ያለ የሚሰጡትንም ከመሰሎቻቸው ጋር አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ውጤት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ወላጆቻቸውን ተከትለው በሁለት ተለያይተው ነበር፤ በዓሦቹ መካከል ከታየው ልዩነት ከዘር የመጣው ድርሻም 0.41 ገደማ ሆኖ ተገመተ። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ወተት በመምረጥ የተገኘው ትልቅ እድገት የተገነባው ከዚህ ባነሰ የዘር ድርሻ ላይ ነው።

ልዩነቱ በሰንሰለቱ የትኛው ቀለበት ላይ ነበር? የመጀመሪያው ግምት ወደ አንጎል ያመራል፤ ዝቅተኛ ምላሽ የሚሰጠው ዓሣ ሁኔታውን እንደ አደጋ አላየው ይሆናል የሚል ነው። ነገር ግን የኤሲቲኤች መጠን ሲለካ በሁለቱ መስመሮች፣ ማለትም ለየብቻ በተዳቀሉት በከፍተኛና በዝቅተኛ ምላሽ ሰጪ ወገኖች፣ መካከል ኮርቲሶሉን የሚያብራራ ልዩነት አልተገኘም። የራሳቸው ኤሲቲኤች በመድኃኒት ተገድቦ ከውጭ እኩል መጠን ሲሰጣቸውም፣ የከፍተኛው መስመር ዓሦች ብዙ፣ የዝቅተኛው መስመር ዓሦች ጥቂት ኮርቲሶል አመረቱ። ይህ ማለት ትእዛዙ እኩል ሆኖ ሳለ የተለየው የሠራተኛው አቅም ነው፤ በዓሣ ውስጥ የአድሬናልን ቦታ የሚይዘው፣ ከፊተኛው ኩላሊት ጋር ተሰበጣጥሮ የሚገኘው ሥጋ፣ ለትእዛዙ የሚሰጠው ምላሽ ተለውጧል። ዝቅተኛ ኮርቲሶል ያለው እንስሳ የግድ ያልፈራ እንስሳ አይደለም፤ ዕጢው ሰነፍ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢይዙልኝ ለሁለተኛው ጥያቄዎ ግማሹን መልስ አገኙ ማለት ነው።

የዚሁ ሙከራ ቀጣይ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በመጀመሪያ የዝቅተኛው መስመር ዓሦች ከከፍተኛው መስመር ዓሦች ጋር አንድ ለአንድ ሲጋጠሙ በአብዛኛው አሸናፊ ነበሩ፤ ወደ አዲስ ገንዳ ሲዛወሩም ቀድመው መመገብ ይጀምሩ ነበር። ዝቅተኛ ምላሽ ከድፍረት ጋር ተጣምሮ የሚሄድ ይመስል ነበር። በኋላ ዓሦቹ ወደ ኖርዌይ ተጓጓዙ፤ ከጉዞው በኋላም ነገሩ ተገላበጠ፤ በአዲሱ ቦታ ቀድመው ወደ መመገብ የተመለሱት የከፍተኛው መስመር ዓሦች ሆኑ። የኮርቲሶሉ ልዩነት ግን እንደ ነበረ ቆየ። እንግዲህ ሆርሞኑ በምርጫ በጽኑ ተይዞ ሳለ፣ አብሮት የመጣው ጠባይ ዓሣው ባሳለፈው ኑሮ ሊፈታ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ሆርሞንን ለክተው ስለ ጠባይ የሚፈርዱ ሰዎች ይህን ውጤት ደጋግመው ቢያስቡበት እወዳለሁ።

በጃፓን ድርጭት ላይም ተመሳሳይ ሥራ በአሜሪካ በሉዊዚያና ተሠርቷል። ሳተርሊና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ፣ ወፎቹን ለአጭር ጊዜ እንዳይንቀሳቀሱ አድርገው የኮርቲኮስቴሮን ምላሻቸውን በመለካት ከፍተኛና ዝቅተኛ መስመር እንደፈጠሩ ገልጸዋል። በዚህ ሙከራ ዝቅተኛው መስመር ለአርቢው የሚስብ ውጤት ሰጠ፤ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ወፎቹ ፍርሃታቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፣ ለወሲብ ብስለት ቀድመው ደረሱ፣ አጥንታቸውም ይበልጥ ጠንካራ ሆነ። አጥንትን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮርቲኮስቴሮን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ አጥንት የሚገነቡትን ሴሎች ስለሚያዳክም፣ በዚህ ረገድ ዝቅ ያለ ምላሽ እውነተኛ ጥቅም አለው። ስለዚህ ዝቅተኛ ምላሽን መምረጥ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም።

እስካሁን ያየነው ሆርሞኑን መርጦ ጠባዩን የተመለከተ ምርምር ነው። እርስዎ የጠየቁት ግን የተገላቢጦሹን፣ ጠባዩን መርጦ ሆርሞኑን ማየትን ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ዋናው ማስረጃ በሩሲያ በኖቮሲቢርስክ በሚገኘው የሴልና የዘር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረው የብርማ ቀበሮዎች ሙከራ ነው። የዘር ሳይንስ ሊቁ ድሚትሪ ቤልያዬቭ በአብዛኛው ከኢስቶኒያ የጸጉር እርባታ ጣቢያ የመጡ 30 ወንድና 100 ሴት ቀበሮዎችን ይዞ ጀመረ፤ ሥራውን በየዕለቱ የመራችውና ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1985 ካረፈ በኋላም ያስቀጠለችው ሉድሚላ ትሩት ናት። የምርጫው መስፈርት አንድ ብቻ ነበር፦ ቀበሮው ወደ እርሱ ለሚቀርብ ሰው የሚያሳየው ጠባይ። በየትውልዱ ለመራባት የሚፈቀድላቸው በአብዛኛው ከወንዶቹ ከ4 እስከ 5 በመቶ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ይህ እጅግ ጥብቅ ምርጫ ነው።

ደማቸውን ለክቶ ማንም አልመረጣቸውም። ሆኖም ከ12 ትውልድ ምርጫ በኋላ በደማቸው ያለው የአድሬናል ስቴሮይድ (ኮርቲሶልን የመሰሉ ሆርሞኖች) መጠን ካልተመረጡት ቀበሮዎች መጠን ግማሽ በትንሽ ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ ከ28 እስከ 30 በሚደርስ ትውልድ ደግሞ እንደገና በግማሽ ቀነሰ። በአንጎላቸው ያለው የሴሮቶኒን (ስሜትን የሚነካ የአንጎል መልእክተኛ) ሥርዓትም ተለወጠ። ከሁሉ ይልቅ የእኔን ትኩረት የሚስበው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። በተራው የእርባታ ቀበሮ ግልገል የፍርሃት ምላሽ በ6 ሳምንት ዕድሜ ገደማ ሲታይ፣ በተመረጡት ግን ወደ 9 ሳምንትና ከዚያም በላይ ዘገየ። ግልገሉ ዓለምን ሳይፈራ የሚያስስበትና ከሰው ጋር የሚለማመድበት መስኮት ሰፋ ማለት ነው። ስለዚህ ምርጫው የነካው የሆርሞኑን መጠን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱ በዕድገት ውስጥ የሚበስልበትንም ጊዜ ነው። ትልቁ እንስሳ ላይ የሚታየው እርጋታ በከፊል የግልገልነት ዘመን ውጤት ነው።

«ይህ ከእናትየው አስተዳደግ የመጣ ቢሆንስ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ተመራማሪዎቹም ጠይቀውታል፤ ግልገሎችን በገራምና በቁጡ እናቶች መካከል አለዋወጡ፣ ጽንሶችንም ከአንዷ ማኅፀን ወደ ሌላዋ አዛወሩ፤ ግልገሎቹ በአመዛኙ የወለደቻቸውን የዘር እናት ጠባይ ይዘው አደጉ። በዚህ ሙከራ ላይ የተነሣ ትችት ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ግምገማ የእነዚህ ቀበሮዎች ቅድመ አያቶች በካናዳ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ለብዙ አሥርት ዓመታት በእርባታ የቆዩ እንደነበሩ አስታውሶ፣ ከገራምነት ጋር አብረው መጡ የተባሉት እንደ ቡራቡሬ ጸጉር ያሉ ምልክቶች ከሙከራው በፊትም እንደነበሩ አሳይቷል። ትችቱ ተገቢ ነው። ይሁንና የሚነካው በአብዛኛው የመልኩን ታሪክ ነው፤ በጠባይ ምርጫ የአድሬናል ሥራ እንደ ቀነሰ የሚያሳየውን ውጤት አያፈርሰውም። ለማዳው ጊኒ ፒግ ከዱር ዘመዱ ጋር፣ የቤት ዶሮም ከቀይ የጫካ ዶሮ ጋር ሲነጻጸሩ ተመሳሳይ አቅጣጫ ይታያል፤ ለማዳዎቹ ሲያዙ ወይም እንግዳ ቦታ ሲገቡ የሚያመነጩት የውጥረት ሆርሞን ከዱሮቹ ያነሰ ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚረሳው ክፍል ልሻገር። አርቢ ስለ ውጥረት ምንም ሳያስብ በሚያደርገው ምርጫም የውጥረት ምላሽ ይለወጣል፤ እንዲያውም ትልቁ ጉዳት የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። የአሳማውን ታሪክ በዝርዝር የምነግርዎ ለዚህ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የአሳማ አርቢዎች ስቡ የሳሳ፣ ጡንቻው የደነደነ እንስሳ ይፈልጉ ነበር፤ የቤልጂየሙ ፒየትሬን ዝርያ የዚህ ፍላጎት ምሳሌ ነው። ከጊዜ በኋላ አንዳንድ አሳማዎች ወደ መኪና ሲጫኑ፣ ሲጣሉ ወይም ሙቀት ሲበዛባቸው በድንገት ሰውነታቸው እየደረቀ፣ ትኩሳታቸው እየናረ መሞት ጀመሩ። ሳይሞቱ ቄራ የደረሱትም ሥጋቸው የገረጣ፣ የላላና ውኃ የሚያንጠባጥብ ሆነ። የዚህን ችግር ምንጭ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሃሎቴን የተባለውን የማደንዘዣ ጋዝ ለጥቂት ደቂቃ በጭምብል እንዲተነፍሱ ማድረግ ተለመደ፤ ችግሩ ያለበት ግልገል እግሮቹ ግትር ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ምክንያቱ በዘረመል ደረጃ ታወቀ፤ በጡንቻ ሴል ውስጥ የካልሲየም መውጫ በር የሆነው ፕሮቲን የሚሠራበት ዘረመል፣ አርዋይአር1፣ በአንዲት ፊደል ተለውጦ ነበር። በሩ በቀላሉ ይከፈትና በቶሎ አይዘጋም፤ ካልሲየም ሲጥለቀለቅ ጡንቻው ያለማቋረጥ ይኮማተራል፣ ኃይሉን ይጨርሳል፣ ላክቲክ አሲድ ያከማቻል፣ እንደ ምድጃ ይግላል። በታረደ እንስሳም ሥጋው ገና ትኩስ ሳለ አሲዳማ ስለሚሆን ፕሮቲኖቹ ተጎድተው ውኃ መያዝ ያቅታቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ያስተውሉ። አንደኛ፣ ጉድለቱ የተገኘው በአንጎልም ሆነ በአድሬናል አይደለም፤ በጡንቻ ውስጥ ነው። አሳማው ከሌላው የበለጠ ፈሪ መሆን አያስፈልገውም፤ ተራው ድንጋጤ ብቻ ይገድለዋል። ኮርቲሶል እየለካ የሚመርጥ አርቢ ይህን ጉድለት ፈጽሞ ላያየው ይችላል። ሁለተኛ፣ ዘረመሉ እንዲሁ በአጋጣሚ አልተስፋፋም። የተሸከሙት እንስሳት ከሌሎቹ የበለጠ ቀይ ሥጋ ስለሚሰጡ አርቢው ራሱ፣ ሳያውቅ፣ ትውልድ በትውልድ መረጠው። የዘረመል ምርመራው ከተገኘ በኋላ ብዙ የእርባታ ድርጅቶች ከመንጋቸው አጠፉት፤ ይህም መርጦ ማራባት ያመጣውን ራሱ መርጦ ማራባት ሊያርመው እንደሚችል ያሳያል፤ እርግጥ ጉድለቱ በአንድ ዘረመል ላይ ስለነበር ሥራው ቀላል ሆነ፤ አብዛኞቹ የውጥረት ባሕርያት እንዲህ በአንድ ቦታ አይገኙም።

በእንቁላል ዶሮ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እያንዳንዷን ዶሮ ለብቻ እየለኩ ብዙ የምትጥለውን መምረጥ፣ ጎረቤቷን እየነከሰችና ከመኖ እያባረረች ብዙ የምትጥለውንም መምረጥ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሚውር መስፈርቱን ከግለሰብ ወደ ቡድን አዛወረው፤ እህትማማች ዶሮዎችን በአንድ ጎጆ አኑሮ፣ ምንቃራቸው ሳይቆረጥ፣ በቡድን ደረጃ የተሻለ የጣሉትንና በሕይወት የቆዩትን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ውጤት ብዙ ዶሮዎች አብረው በሚኖሩበት ጎጆ ውስጥ የነበረው ዓመታዊ ሞት በ2ኛው ትውልድ ከነበረበት 68 በመቶ በ4ኛው ትውልድ ወደ 8.8 በመቶ ወረደ። በኋላ በዚህ መስመርና በተቃራኒው በተመረጠው መስመር ላይ የተደረገ የደም ምርመራ፣ ሞት የሚበዛበት መስመር ከፍ ያለ አድሬናሊንና ዶፓሚን የተባለ ሌላ የነርቭ መልእክተኛ እንዳለው አሳየ። ሆርሞን ማንም አልመረጠም፤ የተመረጠው አብሮ መኖር ነው፣ ሆርሞኑ ተከተለ። በግሌ ከትራውቱ ይልቅ ይህን መንገድ ለአርቢ እመክራለሁ።

ከፍተኛ ምርት የሚሰጡ እንስሳት ሙቀትን መቋቋም ማቃታቸውም ከዚሁ ጋር የሚቆጠር ነው። በፍጥነት የሚያድግ የሥጋ ዶሮና ብዙ የምትታለብ ላም በሰውነታቸው የሚያመነጩት ሙቀት ብዙ ስለሆነ፣ አየሩ ሲግል ከሌሎቹ ቀድመው ይታመማሉ። እዚህ የተለወጠው የፍርሃት ሥርዓት ሳይሆን አካሉ ያለው የትርፍ አቅም ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ፤ ዝቅተኛ ኮርቲሶልን ለምን አንመርጥም? ከላይ እንዳየነው ዝቅተኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ ስለማይነግረን ነው፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውና የሚብሰው ምክንያት ኮርቲሶል ለእንስሳው ስለሚያስፈልገው ነው። ስሙ «የጭንቀት ሆርሞን» መባሉ ብዙ ሰው እንደ መርዝ እንዲያየው አድርጓል፤ ይህ አጠራር ለዚህ ሆርሞን ፍትሐዊ አይመስለኝም። በረሃብ ጊዜ የደም ስኳር እንዳይወድቅ የሚጠብቀው፣ የበሽታ መከላከያው ከልክ አልፎ የራሱን አካል እንዳይጎዳ የሚገታው እርሱ ነው። በበግ ምጥን የሚያስጀምረው ከፅንሱ አድሬናል የሚመጣው የኮርቲሶል ጭማሪ ነው፤ የፅንሱን ሳንባና ጉበት ከመወለዱ በፊት ለውጭው ዓለም የሚያዘጋጀውም ይኸው ነው።

ይህ ለአርቢው ምን ትርጉም እንዳለው በአሳማ ላይ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ለግልገል መትረፍ የተሻለ የዘር ዋጋ (በዘር የሚተላለፍ ብቃት) ያላቸው ፅንሶች ከመወለዳቸው በፊት በደማቸው ከፍ ያለ ኮርቲሶል፣ በጉበታቸውም ከፍ ያለ የስኳር ክምችት ነበራቸው። ግልገል ከተወለደ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚሞተው በአብዛኛው ከብርድና ከረሃብ በመሆኑ ይህ ክምችት የሕይወት ስንቅ ነው። ዝቅተኛ ኮርቲሶልን በጭፍን የመረጠ አርቢ ይህን ስንቅ ሊያሳጣ ይችላል። እንዲያውም ቀይ ሥጋን ለመጨመር ለረጅም ጊዜ የተመረጡት የአውሮፓ ዝርያዎች ሜይሻን ከተባለው ወላድ የቻይና ዝርያ ጋር ሲነጻጸሩ የኮርቲሶል ሥርዓታቸው የደከመ ነው፤ ኮርቲሶል ስብን ስለሚያበዛና ፕሮቲንን ስለሚያፈርስ፣ ስስ ሥጋን መምረጥ በተዘዋዋሪ እርሱን መቀነስ ሆኖ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ፒየር ሞርሜድና ባልደረቦቹ ይህን ተመልክተው አንዳንድ ጊዜ መመረጥ ያለበት ጠንከር ያለ የአድሬናል ሥራ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል፤ ይህ እርስዎ ካቀረቡት ሐሳብ ፍጹም ተቃራኒው ነው።

በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ሥራ ለመሥራት ካሰቡ፣ ውጤት የሚያበላሹ ሁለት ነገሮችን ልጠቁምዎ። የመጀመሪያው የደም አወሳሰድ ነው። በወፎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከተያዙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የተወሰደ ደም በአብዛኛው የዕረፍት ጊዜውን መጠን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ የተወሰደው የመያዙን ድንጋጤ መለካት ይጀምራል። መጠኑ በቀኑ ሰዓትም ስለሚለያይ፣ ጠዋት ከተቀዳ ደም ጋር የማታውን ማወዳደር የዘር ልዩነት የሚመስል የሰዓት ልዩነት ያመጣል። ሁለተኛው የእናት ድርሻ ነው። በድርጭቶቹ ሙከራ የከፍተኛው መስመር እናቶች በእንቁላላቸው አስኳል ውስጥ ብዙ ኮርቲኮስቴሮን እንደሚያስቀምጡ ታይቷል፤ ስለዚህ ጫጩቷ ከእናቷ ዘረመልን ብቻ ሳይሆን ሆርሞኑን ራሱን ትቀበላለች። እንቁላሎችን ወይም ግልገሎችን በመስመሮቹ መካከል ሳይለዋወጡ፣ ያልተመረጠ መነጻጸሪያ መስመርም ሳይዙ፣ «ይህ የዘር ውጤት ነው» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አንድን የደም ቁጥር ከመምረጥ ይልቅ እንስሳው በሚኖርበት ሁኔታ ውስጥ ሦስት ነገሮችን እመዘግብ ነበር፦ ሰው ሲቀርበውና ሲያዝ የሚያሳየውን ጠባይ፣ ከመጓጓዝ ወይም ከመደባለቅ በኋላ ወደ መመገብ ለመመለስ የሚወስድበትን ጊዜ፣ እንዲሁም የልጆቹን መትረፍ። ኮርቲሶልን የምለካው እንደ መምረጫ ሳይሆን እንደ መቆጣጠሪያ ነው፤ በየጥቂት ትውልዱ ከዕረፍት መጠኑ፣ ከጫፉና ከመመለሻ ጊዜው ጋር፣ ትንሽ ኤሲቲኤች ተወግተው ዕጢያቸው የሚሰጠውን መልስ ጨምሮ። ጠባያቸው እየረጋ የዕጢያቸው መልስ እንደ ነበረ ከቆየ፣ ለውጡ ከዕጢው በላይ ባለው ክፍል፣ ማለትም እንስሳው ሁኔታውን በሚያይበት መንገድ፣ እንደመጣ ለመገመት በቂ ምክንያት ይኖርዎታል። ጠባዩ ሳይለወጥ የዕጢው መልስ ብቻ እየወረደ ከሄደ ግን፣ ምርጫውን አቁመው የግልገሎቹን የሞት መዝገብ ይመልከቱ።